ያገለገለ ፒክአፕ፦ ማርሽ ወይስ አውቶማቲክ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ከመተማና ከአይከል ሰሊጥና እህል እያመጣሁ ጎንደር ላይ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ወዳጆቼ ያገለገለ ፒክአፕ ሊገዙ ሲነሡ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ወደ እኔ መምጣታቸው ነው፤ "ባለ ማርሹን ልግዛ ወይስ አውቶማቲኩን?" ይሉኛል። ደላላ የሚሰጠው መልስ በእጁ ካለው መኪና ስለማይርቅ፣ እኔ ከስሬ የተማርሁትን ለአንባቢዎቻችሁ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ጥያቄው ቀላል መስሎ የሚታየው መኪና ርካሽ በነበረበት ዘመን ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ካስወደደው ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው ፒክአፕ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይሸጣል፤ ዐሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሃይሉክስ ወይም ዲማክስ አንድ ቤተሰብ ያጠራቀመውን ሁሉ የሚጨርስ ዋጋ ይጠየቅበታል። መኪናው በተገዛ በወሩ ካምቢዮው፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በማርሽ ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ክፍል፣ ቢበላሽ ገዢው ለጥገና የሚሆን ገንዘብ እንኳ አይተርፈውም።

የእኔም ታሪክ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከአራት ዓመት በፊት ደብል ካቢን አውቶማቲክ ገዛሁ። ሻጩ "የካምቢዮው ዘይት ገና ትናንት ነው የተቀየረው" ሲለኝ የምሥራች መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ያንን ቃል ስሰማ ኪሴን አጥብቄ እይዛለሁ። መኪናው ከተማ ውስጥ ምንም እንከን አልታየበትም። በስድስተኛው ሳምንት ግን ከሸኸዲ ሰሊጥ ጭኜ ስመለስ፣ ወደ አይከል በሚያወጣው ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው መራመድ አቃተው። ለጥቂት ጊዜ አቁሜ ካቀዘቀዝሁት በኋላ ትንሽ ሄደ፤ ከዚያ ጨርሶ ቆመ። ሊረዱኝ የቆሙ ሾፌሮች በሰንሰለት አስረው ጎንደር ድረስ ጎተቱልኝ። ይህም ሌላ ጥፋት እንደነበረ የተነገረኝ ካምቢዮው ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረገፈ በኋላ ነው፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ በመሆኑ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው መሬት ለመሬት ሲጎተት በውስጡ የሚሽከረከሩት ብረቶች ያለ ዘይት ይፋጫሉ። መኪናው በሌላ ተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ መምጣት ነበረበት። እኔም አላወቅሁም፣ የጎተቱልኝም አላወቁም፤ እነሱን ግን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን መካኒክ ሁሉ እየጠየቅሁ የደረስሁበት ሐሳብ አንድ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ከማለቱ በፊት፣ የትኛው ሕመሙን ይደብቃል ብሎ መጠየቅ አለበት።

ባለ ማርሹ ሕመሙን መደበቅ አይችልም። መኪናውን ወደ ጎሃ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ ወስዶ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ጠበቅ አድርጎ መርገጥ ይበቃል፤ የሞተሩ ድምፅ እየናረ ፍጥነቱ ካልተከተለው የፍሪሲዮኑ (ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚያለያየው ክፍል) ሸራ አልቋል ማለት ነው። ወደ ሁለተኛ ሲቀየር የሚፋጭ ድምፅ ካለ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቀቅ ማርሹ በራሱ ጊዜ ከወጣ፣ ካምቢዮው ውስጥ የተበላ ነገር አለ። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ይህን ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በጆሮና በእግር መለየት ይቻላል፤ ሻጩ አጠገብ ተቀምጦ ወሬ ቢያበዛም ዳገቱን ዝም ማሰኘት አይችልም። የተገኘው ጉዳት ፍሪሲዮን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሸራውን፣ ፕሌቱንና ኩሽኔታውን አንድ ላይ መቀየር የጎንደር ጋራዦች የለመዱት ሥራ ነው፤ ዕቃው እዚህ ባይገኝ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ይላካል፤ ወጪውም አስቀድሞ ታውቆ ከመኪናው ዋጋ ላይ ሊቀነስ ይችላል።

አውቶማቲኩ ግን የሚመረመረው በዋናነት በዘይቱ ነው። ጤነኛው ዘይት ቀይና ጥርት ያለ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ በውስጡ ያሉት ሸራዎች ተቃጥለዋል፤ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፤ ምክንያቱም በብዙ ፒክአፖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ስለሆነ፣ ያ ቱቦ ሲበላ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። እነዚህን ምልክቶች በሙሉ ትናንት የተቀየረ ዘይት ይሰርዛቸዋል። አንዳንዶቹ ካምቢዮዎች የዘይት መለኪያ ዘንግ ስለሌላቸው፣ ዘይቱን ለማየት መኪናውን በሊፍት ማንሣትና ሙቀቱን መለካት ግድ ይላል። ከዚህም በላይ የደከመ አውቶማቲክ በርዶ ሳለ በደንብ ይሄዳል፤ ችግሩ የሚወጣው ሲግል ነው። ስለዚህ ፒያሳን ሁለት ጊዜ ዞሮ መመለስ ሙከራ አይባልም። መኪናው ጭነት ተጭኖበት፣ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ተነድቶ፣ ዳገት ወጥቶ መታየት አለበት፤ ይህን የሚፈቅድ ሻጭ እስካሁን አንድ ብቻ ገጥሞኛል፣ የእሱንም መኪና ወዳጄ ያለ ክርክር ገዛው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ በከባድ ሥራ ላይ ሲሆን ዘይቱ በተለምዶ ከ60 እስከ 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየራል። ቀዳሚው ባለቤት ይህን አድርጎ ከሆነ ደረሰኝ ይኖረዋል። ደረሰኝ የሌለው አውቶማቲክ ርካሽ ቢሆንም እንኳ እኔ አልገዛውም።

መንገዳችንም በፍርዱ ውስጥ መግባት አለበት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቱርቦ፣ ማለትም ተጨማሪ አየር ወደ ሞተር የሚገፋ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። እንዲህ ያለ ሞተር ከድሮ ባለ አራት ፍጥነት አውቶማቲክ ጋር ሲጣመር፣ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ማርሹን ወደ ላይና ወደ ታች እየቀያየረ ይቸገራል፣ ዘይቱም ይግላል። በሌላ በኩል መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህም የዘይቱን ግለት ያብሰዋል። በደባርቅ በኩል የሚሄድ ሰው ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠውን የሊማሊሞን ቁልቁለት ያገኛል፤ እዚያ መኪናን የሚይዘው ከፍሬን ይልቅ ማርሽ ነው። አውቶማቲኩም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ ላይ የሚያቆም ቦታ አለው፤ ነገር ግን ብዙ ሾፌር ዘንጉን ካስቀመጠበት ሳያነሣ ፍሬኑን እያቃጠለ ሲወርድ አይቻለሁ። ይህ የነጂው ጥፋት እንጂ የመኪናው አይደለም።

በዚህ ሁሉ አውቶማቲክን አዋረድህ እንዳልባል ልጨምር። "አውቶማቲክ ጉልበት የለውም" የሚለው የሰፈር ወሬ ለአዲሶቹ መኪኖች አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ በሁለቱም በኩል ስድስት ፍጥነት ያለው ሲሆን፣ ፋብሪካው ለአውቶማቲኩ 450 ኒውተን ሜትር (የሞተር የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ለባለ ማርሹ 420 ነው የመደበለት፤ በ2020 በተሻሻለው ላይ ደግሞ የአውቶማቲኩ 500 ሲደርስ የባለ ማርሹ ባለበት ቀርቷል። "አውቶማቲክ የሴት ነው" የሚለውንም ንግግር አልወደውም፤ ሴት ልጄ በባለ ማርሽ መኪና ዳባት ድረስ ጭነት ይዛ ትመላለሳለች። የእህቴ ባል ግን ጉልበቱን የታመመ ሰው ነው፤ ሥራው ከአዘዞ ማራኪ በባጃጅ መካከል እየቆሙ መሄድ ሲሆን፣ በጥምቀት ሰሞን መንገዱ ሲጨናነቅ ፍሪሲዮን መርገጥ ያሠቃየው ነበር። ለእሱ አውቶማቲክ እንዲገዛ የመከርሁት እኔ ነኝ፤ የገዛውም ከመጀመሪያው ጀምሮ አያያዙን ከሚያውቀው የሥራ ባልደረባው ነው።

ባትሪ ከደከመ ባለ ማርሹን ገፍቶ ማስነሣት ሲቻል አውቶማቲኩን አለመቻሉን ሁሉም ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም፤ በመተማ መንገድ ላይ ነጋዴ ባሕር በምትባለው ቦታ አካባቢ በሌሊት የቆመ ሰው ግን ቁም ነገሩን ይረዳዋል።

ያንን የእኔን ደብል ካቢን ካምቢዮው ከታደሰ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለገዢው ነግሬ፣ ደረሰኙንም አስረክቤ በኪሳራ ሸጥሁት። አሁን የምነዳው ባለ አምስት ማርሽ ሲንግል ካቢን ነው። ጎሃ ዳገት ላይ ስሞክረው ሸራው መሳሳቱን ዐውቄ ከዋጋው ላይ አስቀንሻለሁ፤ ከመጪው መኸር በፊት ሳይቀየር ስለማይቀር ገንዘቡን ከወዲሁ ለብቻው አስቀምጫለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ የእህል ነጋዴ፣
አዘዞ፣ ጎንደር