ለአንድ ሠራተኛ ስንት አለቃ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ዘመናዊ ሥራ አመራር በሚጻፉ ጽሑፎች ሄንሪ ፋዮል አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የዕዝ ሰንሰለት ብቻ የሚወድ፣ ዘመኑ ያለፈበት ሰው ተደርጎ ነው። ይህ ስህተት ነው፤ ጉዳትም አለው። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1916 ያሳተመው ሥራ፣ ሠራተኛው ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ እየታዘዘ ግራ ለሚጋባባቸው የዛሬ ድርጅቶች መፍትሔውን ከነአፈጻጸሙ ይዟል።

ክርክሩ ራሱ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1903 ባቀረበው አሠራር አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ስምንት አለቆች ነበሩት። አራቱ በዕቅድ ክፍል ሆነው የሥራውን ቅደም ተከተል፣ የመመሪያ ካርዱን፣ ጊዜና ወጪውን፣ ዲሲፕሊኑንም ይይዛሉ፤ አራቱ እዚያው ሥራው ቦታ ዝግጅቱን፣ ፍጥነቱን፣ ጥራቱንና የማሽኑን ጥገና ይከታተላሉ። ሁሉም በሚያውቀው ብቻ ይዘዝ ነው ነገሩ። ፋዮል የባለሙያዎቹን እገዛ አልጠላም፤ የዕዝ አንድነት፣ ማለትም ሠራተኛው ከአንድ አለቃ ብቻ ይታዘዝ የሚለው መርህ፣ መፍረሱን ግን አጥብቆ ተቃወመ። ሠራተኛው ለሙያ ክፍሉም ለፕሮጀክቱም ተጠሪ የሚሆንበት፣ ዛሬ ማትሪክስ የሚባለው መዋቅር የዚሁ ክርክር ቀጣይ ነው።

እንዲህ ያለው መዋቅር የሚበላሸው ሁለት ትእዛዝ በአንድ ቀን ሲገጥም ነው። ሠራተኛው መምረጥ ግድ ስለሚሆንበት፣ ለድርጅቱ ከሚበጀው ይልቅ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለትን አለቃ ያስቀድማል። ሌላኛው አለቃ የሚታየው የዘገየ ሥራ ብቻ ነው፤ ሠራተኛውን ይወቅሳል እንጂ መዋቅሩን አይጠይቅም። አሜሪካዊው የሥራ መሪና ጸሐፊ ቼስተር ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1938 እንዳስረዳው ትእዛዝ ሥልጣን የሚኖረው ተቀባዩ ሲቀበለው ነው። ለዚህም ሊገባው፣ ከድርጅቱ ዓላማና ከራሱ ጥቅም ጋር የሚስማማ ሆኖ ሊያገኘው፣ ሊፈጽመውም የሚችለው መሆን አለበት። የሚጋጩ ሁለት ትእዛዞች በመጨረሻው መስፈርት ይወድቃሉ።

ችግሩ መኖሩን ለማወቅ ውድ ጥናት አያስፈልግም። እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ሥራ የሚሰጥህ ማነው? ሁለት ሥራ ሲጋጭብህ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ማነው? አፈጻጸምህን የሚሞላው ማነው? ከዚያ ያንኑ ስለ ሠራተኛው አለቆቹን ጠይቆ መልሱን ማስተያየት ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ስም ቢመጣ ይቻላል። ለሁለተኛው ሁለት ስም ከመጣ ግን የዕዝ አንድነት የለም፤ መስተካከልም ያለበት በቅድሚያ እሱ ነው። በማትሪክስ ውስጥ የሚሠራው ክፍፍል ምን እና መቼ የሚለውን ለፕሮጀክት ኃላፊው፣ እንዴት የሚለውን ለሙያ ኃላፊው መስጠት ነው። ግጭት ሲመጣ የሚወስነው አንድ ሰው ስሙ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ።

«ታዲያ ሁሉ ነገር በአለቃ በኩል ከሄደ ሥራው አይጓተትም ወይ?» የሚል ይኖራል። ፋዮልን ጠቅሰው የሚተቹት የሚዘሉት ይህንን ነው። እሱ ራሱ ሁለት መሰላል ስሎ ቆጥሮታል። ከላይ አንድ ዋና ኃላፊ፣ በየጎኑ ወደ ታች የሚወርድ ሰንሰለት አለ። ከላይ አምስት ደረጃ ዝቅ ያለ ሠራተኛ በሌላው ጎን ላለው አቻው መልእክት ቢልክ አምስት ደረጃ ወጥቶ አምስት ይወርዳል፤ መልሱን ሲጨምሩ ሃያ ቅብብል ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ድልድይ ይዘርጋ አለ፤ የሁለቱም የቅርብ አለቆች ይፍቀዱ፣ ሁለቱ ሠራተኞችም የተስማሙበትን ወዲያው ለየአለቆቻቸው ያሳውቁ፣ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ሰንሰለቱ ይመለስ።

ይህ በአንድ ገጽ ይጻፋል። ሁለቱ ሠራተኞች ራሳቸው የሚወስኗቸው ጉዳዮች፣ ለምሳሌ የማስረከቢያ ቀን ማሸጋሸግ ወይም የጥራት ቅሬታ መፍታት፣ በስም ይዘርዘሩ፤ ማሸጋሸጉ ከስንት ቀን እንደማይበልጥ ይወሰን፤ በጀትና ቅጥር ውጭ ይሁኑ፤ ስምምነቱ በዚያው ቀን በግልባጭ ለአለቆች ይድረስ። ብዙ ጊዜ ድልድዩን የሚያፈርሰው ይኸው ግልባጭ መቅረቱ ነው። አለቃው ጉዳዩን ከሦስተኛ ሰው ሲሰማ ፈቃዱን ያነሳል፤ ማንሳቱም አያስወቅሰውም። ሌላው ብልሽት አንደኛው ወገን መስማማቱን ትቶ የሌላውን ክፍል ሠራተኞች ማዘዝ ሲጀምር ነው።

የአለቃው ጫና ራሱ በቁጥር ይታያል። የሥራ አመራር አማካሪው ግራይኩናስ እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው ስሌት አራት ተጠሪ ያለው ኃላፊ ሊኖሩት የሚችሉት ግንኙነቶች፣ ከእያንዳንዱ ተጠሪ ጋር፣ ከተጠሪዎቹ ቡድኖች ጋር፣ ተጠሪዎቹም እርስ በርሳቸው ያላቸው ተደምሮ፣ 44 ናቸው፤ አምስተኛው ሲጨመር 100፣ ስድስተኛው ሲጨመር 222 ይደርሳሉ። ሁሉም በየቀኑ አይከሰቱም። ተጠሪዎቹ አንድ ዓይነትና እርስ በርሱ የማይያያዝ ሥራ ከሠሩ ኃላፊው ብዙ ሰው መያዝ ይችላል። ሥራቸው የተጠላለፈ ከሆነ ግን፣ ድልድይ ሳይዘረጉ እርከን እየቀነሱ ተጠሪ መጨመር እያንዳንዱን ጥያቄ እዚያው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይከምራል።

ድልድዩ ከተዘረጋ በኋላ በየሦስት ወሩ ወደ ላይ የተመለሱት ጉዳዮች ይታዩ። አንዱ ዓይነት ጉዳይ ደጋግሞ ከመጣ የሥልጣን ወሰኑ በትክክል አልተሰመረም ማለት ነው፤ ሁለቱ አለቆች ተቀምጠው ያንን መስመር እንደገና ይጻፉት።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅት አደረጃጀት ባለሙያ