ሽቦውም ይግባ፦ የፎቶግራፍ ክበብ ዓመት

ዘንድሮ 19 ነበርን። አንድ አሮጌ ካሜራ አለን፤ የቀረው ከየቤቱ የተለመነ ስልክ ነው። ርዕሳችን «ከተማችንና ተራራው» ነበር።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ጦሳን ብቻ ነው ያነሱት። ያውም የመብራት ሽቦና የቆርቆሮ ጣሪያ እንዳይገባባቸው እየተንጠራሩ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ግን ደሴ የለችባቸውም፤ የየትም አገር ተራራ ሊሆን ይችላል።

ያኔ እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ፣ ሮቸስተር ከተማ ስለታየ ዐውደ ርዕይ ነገርኳቸው። አሥር ፎቶ አንሺዎች ያልተነካውን ተራራ ትተው ሰው የሠራበትን መሬት አሳዩ፦ አዳዲስ ቤቶች፣ መጋዘን፣ የመኪና ማቆሚያ። «እንግዲያው ሽቦውም ይግባ» አልኩ።

ሥራው የከበደው ከዚያ በኋላ ነው። ደሴ ያለችው በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል ነው። ጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምትነካው የጦሳን አናት ነው፤ ከታች ፒያሳ ገና ጥላ ውስጥ ነው። ለከተማው ብርሃን ስትጨምር ተራራው ነጥቶ ይጠፋል፤ ለተራራው ስትቀንስ ከተማው ይጠቁራል። ሁለቱን ባንድ ፎቶ ለማስማማት ስንት ጠዋት ተመላለስን! ጉም የወረደ ቀን ደግሞ ሁለቱም የሉም።

እኔን ግን ልቤን የነካው የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ፎቶ ነው። ኅዳር ላይ ቦርከና ዳር ወረድን። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ሁላችንም ወደ ታች ስናይ እሷ ቀና አለች። የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ሰማያዊ ፌስታል ተጠምጥሟል፤ ጭቃው ደርቆበታል። የክረምቱ ጎርፍ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ጓደኛዋን ከሥሩ አቆመቻት። ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም። ፎቶው ይኸው ነው፦ የተዘረጋ እጅ፣ ከላዩ ፌስታል፣ ከጀርባ ድንጋይ ላይ የተሰጣ ልብስ። ስለ ከተማና ስለ ወንዝ ክፍል ውስጥ ብዙ አስተምሬአለሁ፤ እንደዚህ አድርጌ ግን አሳይቼ አላውቅም።

ግንቦት ላይ 24 ፎቶ አሳትመን ኮሪደሩ ላይ በሲባጎና በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልን። ወላጆች መጥተው አዩልን። አንዲት እናት ፌስታሉ ጋ ቆመው ቀሩ። «ይሄኮ እኔ የማጥብበት ነው» አሉ።

ይህ ወንዝ ዶሮ መዝለያን አልፎ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመት እስከዚያ ተከትለውት ማንሳት ይፈልጋሉ። መስከረም ላይ፣ ውሃው ሳይጎድል፣ እዚያው ዛፍ ሥር እንጀምራለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ ልታውሱን የምትችሉ ወላጆች ቀድማችሁ ንገሩን።