ወረቀቱን ሳትይዢ እንዳትወጪ

ልጄ፣

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ትላንት በስልክ «እማ፣ አሁንም በኦፕራሲዮን ሆነ» ብለሽ ስታለቅሺ ብዙ ነገር ልልሽ ፈልጌ ነበር። ድምፅሽ ደክሟል፣ ነርሷም ከኋላ ዕረፊ ትልሻለች። ስለዚህ ልጻፍላት አልኩ። በአንዴ ለመጨረስ አትታገዪ። ልጁ ሲጠባ አንብቢው፤ ሲተኛ ግን አንቺም ተኚ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ከሆስፒታል ስትወጪ የኦፕራሲዮኑን ወረቀት ሳትይዢ እንዳትወጪ። «በኦፕራሲዮን ወልዳለች» የሚለውን ብጣሽ ወረቀት አይደለም የምልሽ። ለምን እንደተሠራልሽ፣ ማህፀንሽ በየት በኩል እንደተቀደደ፣ ሲከፍቱ ምን እንዳገኙ፣ ምን ያህል ደም እንደፈሰሰሽ የተጻፈበትን ነው።

አሁን ወደ ለቅሶሽ ልምጣ። ትልቋን በኦፕራሲዮን ወልደሽ ይሄንን በምጥ ልወልደው ብለሽ ነበር፤ ሳይሆን ሲቀር «አቃተኝ» አልሽኝ። ይህን ቃል ሁለተኛ እንዳልሰማው። ምጡ በራሱ ጊዜ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ አማጥሽ። የማህፀንሽ በር 7 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ከዚያ ወዲያ አልከፈት አለ። ከዚያ የልጁ የልብ ምት መውረድ ጀመረ። ከዚህ ሁሉ አንቺን አቃታት የሚባለው የቱ ነው?

አንዴ በኦፕራሲዮን ወልደው ቀጥሎ በምጥ ከሚሞክሩት 100 ሴቶች ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ይህን የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። ታዲያ ቀሪዎቹስ ሰነፎች ናቸው? እነሱም እንዳንቺ ያነበቡ፣ የተዘጋጁ፣ ያማጡ ናቸው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ በምጥ ወልዳ የምታውቅ ሴት ዕድሏ ከዚህም ከፍ ይላል። አንቺ ግን ትልቋም በመቀመጫዋ መጥታ በኦፕራሲዮን ነው የወለድሻት።

የልብ ምቱ ሲወርድ ለምን እንደተጣደፉም ታውቂያለሽ። የተሰፋ ማህፀን በምጥ ጊዜ ስፌቱ ላይ ሊተረተር ይችላል። አንዴ ብቻ፣ ያውም ከታች በአግድም ተቀዶ ለተሰፋ ማህፀን ከ200 ሴቶች በአንዷ ላይ ገደማ የሚደርስ ነገር ነው። ከደረሰ ግን ጊዜ አይሰጥም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ደግሞ ያው የልጁ የልብ ምት መዛባት ነው። ሐኪም ከውጭ ሆኖ ስፌቱ ተተርትሯል አልተተረተረም ብሎ መለየት ይቸግረዋል። ከፍቶ ነው የሚያየው።

ስፌቱ ደህና ሆኖ ተገኘ ሲሉሽ «እንግዲያው በከንቱ ነው የቀደዱኝ» ብለሽ አዘንሽ። እኔ እናትሽ ደግሞ እግዜርን አመሰገንኩ። ሌላውን ወሬ ብሰማ ምን እሆን ነበር?

በቃ፣ ቁጣዬን ጨረስኩ። ማዘንሽን አልከለክልሽም። ወራት ሙሉ ስትመኚው የነበረ ነገር ሳይሆን ቀረ፤ ይህ ያሳዝናል። «ልጁ ጤነኛ ነው፣ ሌላ ምን ፈለግሽ?» የሚልሽ አይጠፋም። በልጁ ደስ ብሎሽ በምጡ ማዘን ትችያለሽ። ሁለቱም ያንቺ ናቸው፣ የኔ ልጅ። ብቻ ሁለት ሳምንት አልፎም ሐዘኑ ካለቀቀሽ፣ እንቅልፍም ልጁ ተኝቶ እንኳ እምቢ ካለሽ፣ ለሐኪም ንገሪ። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ አንድ ሰዓትም አትጠብቂ።

አሁን ስለ ወረቀቱ ለምን እንደምጨቀጭቅሽ ስሚ። ግማሹን ታውቂዋለሽ።

አንቺ ያለ ጊዜሽ ነው የተወለድሽው። ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተው አስተኙኝ፤ ስነቃ ሆዴ ተሰፍቷል። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ልጅሽን አገኘሽ አይደል?» አሉኝ። ወረቀት ስጡኝ ስላቸው «ምን ያደርግልሻል?»። ጠባሳዬ ከታች በአግድም ስለሆነ ውስጡም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ለካ የላዩ ጠባሳ የውስጡን አይናገርም። ቆዳው በአግድም ተቀዶ ማህፀኑ በቁመት የሚቀደድበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ልጁ ያለ ጊዜው ሲወለድ ወይም ማህፀን ውስጥ አግድም ሲተኛ። ወደ ላይ በቁመት የተቀደደ ማህፀን ደግሞ በምጥ ጊዜ የመተርተር አደጋው ብዙ እጥፍ ነው። ለእሱ ምጥ አይመከርም።

ወንድምሽን ሳረግዝ በምጥ ልወልደው ቆርጬ ነበር። ምጡም መጣ፣ ደህና እየሄደ ነበር። ተረኛዋ ሐኪም መጥታ «በፊት ማህፀንሽ የተቀደደው እንዴት ነው?» አለችኝ። አላውቅም። «ወረቀትሽስ?» የለኝም። አንቺ ወደተወለድሽበት ቦታ ተደወለ፤ መዝገቡ ጠፍቷል ተባለ። ያለ ጊዜሽ መወለድሽን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው አስፈርመው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ገፉኝ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ።

በማግስቱ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነገረችኝ። የድሮው ስፌት ከታች፣ በአግድም ነበር። በምጥ መሞከር እችል ነበር ማለት ነው። እሷ ላይ አልፈርድም፤ ሳታውቅ በእኔና በወንድምሽ ነፍስ ልትወራረድ አትችልም። ያናደደኝ ያ «ምን ያደርግልሻል?» ያለኝ ሰው ነው። ምናልባት እወልደው ነበር፣ ምናልባትም እንዳንቺ መሃል ላይ ይቆም ነበር። መልስ የለውም። ወንድምሽ ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ የልደቱ ቀን ሲመጣ ይህን ሳላስብ አልውልም።

ኋላ ላይ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት። እ.ኤ.አ. በ1916 ኤድዊን ክሬጊን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም «አንዴ በኦፕራሲዮን፣ ሁልጊዜ በኦፕራሲዮን» ብሎ ጽፎ ነበር። ያኔ ማህፀን የሚቀደደው በቁመት ስለነበር አይፈረድበትም። አቀዳደዱ ተለውጦም አባባሉ ግን ሰው አፍ ላይ ብዙ ዘመን ኖረ።

አንቺ ትልቋን ስትወልጂ ግን ወረቀቱን ካልያዝሽ ብዬ በር ላይ ቆሜ አላስወጣሽም አልኩሽ። አፍረሽብኝም ነበር። ዘንድሮ በምጥ እንድትሞክሪ ሲፈቅዱልሽ ያዩት ያንኑ ወረቀት ነው። አሁንም ሳትይዢ እንዳትወጪ። ከመውጣትሽ በፊት ሐኪሙን ቁጭ አድርገሽ ጠይቂው። የማህፀን በሩ ለምን የቆመ ይመስለዋል? ወደፊትስ ምጥ ይመክርሻል ወይስ አይመክርሽም? ባልሽ ይጻፈው። አንቺ አሁን የሰማሽው አይያዝልሽም።

ደግሞ ትልቋን አታንሺያት። ስታይሽ ተንጠልጥላ ልታለቅስ ትችላለች። አንቺ ተቀመጪና ባልሽ አጠገብሽ ያስቀምጥልሽ። ከሕፃኑ የሚከብድ ነገር በፍጹም አታንሺ። ስታስዪና ስትስቂ ትራስ ሆድሽ ላይ ያዢ። ስታጠቢ በብብትሽ ሥር ያዢው ወይም በጎንሽ ተኝተሽ አጥቢው፤ ቁስሉን አይረግጥብሽም። ዛሬውኑ ተነሺና ቀስ ብለሽ ተራመጂ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ብዙ መተኛት ደም እግር ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋል። አንዱ ባትሽ ካበጠና ካመመሽ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም። ትኩሳት፣ ቁስሉ መቅላትና መግል፣ ሞዴስ በሰዓት ውስጥ የሚያርስ ደም፣ ስትቀመጪ የሚብስ ራስ ምታትም እንደዚሁ። ነገ ይሻለኛል የሚባል ነገር የለም።

ስለሚቀጥለው ልጅ አሁን መናገር አይገባኝም ይሆናል፤ ግን እናገራለሁ። ቢያንስ 2 ዓመት ሳይሞላ አታርግዢ። እያጠባሁ ነው ብለሽ አትዘናጊ፤ ስለ መከላከያው ከመውጣትሽ በፊት አማክሪ። ካረገዝሽ ደግሞ እንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ በአልትራሳውንድ በጊዜ ይታይልሽ። ሁለት ጊዜ ተቀድዶ የተሰፋ ማህፀን ላይ እንግዴ ልጁ የማህፀን በሩን ሸፍኖ ከተቀመጠ፣ ከ10 ሴቶች በ4ቱ ገደማ ስፌቱ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ሁለት ጊዜ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት እጅሽ ላይ ይኑር።

ለባልሽ ቅድም ደውዬ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ ብዬዋለሁ። እሺ ብሏል፤ ቢረሳ አስታውሺው። ትልቋ ቅዳሜ እኔ ጋ ትመጣለች፣ ልብሷን ብቻ አዘጋጁልኝ። ማታ ስደውል ስልኩን እሱ ያንሳ፤ ተኝተሽ ከሆነ እንዳይቀሰቅስሽ።

እናትሽ