አባባን የዕጣኑን ዛፍ ጠይቂልኝ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? አባባስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ጠፍቼ መክረሜን አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ እንደ ልብሽ ትቆጪኛለሽ። አሁን ግን አንድ ነገር ሆዴን ይዞታል፤ ካንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ጉዳዩ የልጄ ነው። ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። በክርክር አንቺን ታስንቃለች ብልሽ ይበቃል። ትምህርት ቤታቸው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንግዶች አሉበት። ከባሕሩ ማዶ፣ ከቱርክ፣ እኩዮቻቸው በመርከብ ይመጣሉ። የኛዎቹ ደግሞ የግሪክ ደሴታቸውን ኪዮስን ያስተዋውቃሉ። ጭፈራው፣ ምግቡ፣ በዓሉ፣ ታሪኩ፣ ሁሉም አለበት። ቤታችን ውስጥ ከሰሞኑ ሌላ ወሬ የለም።

የአማቴን መንደር ፒርጊን ታስታውሺያለሽ? ፎቶውን ልኬልሽ «ይሄ ጥለት ነው ወይስ ግድግዳ?» ያልሽኝ። ግራጫ ልስን ይለስኑና ከላዩ ኖራ ይቀቡታል። ከዚያ ሳይደርቅ በሹካ እየፋቁ ሦስት ማዕዘኑን፣ ክቡን፣ አበባውን ያወጡበታል። አንዱ ቡድን ያንን በካርቶን ላይ ሊያሳይ ነው። ሹካዎቼ በሙሉ ትምህርት ቤት ናቸው። ቭሮንታዶስ የሚኖረው ልጅ ደግሞ የፋሲካውን ሮኬት ይናገራል። በትንሣኤ ሌሊት የሁለት አጥቢያ ሰዎች ከኮረብታ ኮረብታ በሺህ የሚቆጠር የባሩድ ሮኬት ሲተኳኮሱ ኖረዋል። ዒላማው የዚያኛው ቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ነው፤ ውስጥ ቅዳሴ እየተቀደሰ! መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ጦርነት መስሎኝ ልጄን አቅፌ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ነበር።

ለልጄ የደረሳት ዛፉ ነው። ዛፉና የፈረንጆቹ 1822።

ዛፉን ልንገርሽ። ማስቲሃ ይሉታል። አጠር ያለ ነው፤ ቅጠሉ አይረግፍም። ዘመዶቹ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ሁሉ አሉ። ሙጫ እንዲህ የሚያነባው ግን በኪዮስ ደቡብ ብቻ ነው ይላሉ። በበጋ፣ በፈረንጆቹ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሥሩን ጠርገው ነጭ አፈር ያነጥፉበታል። ከዚያ ግንዱን በትንሽ ብረት ጫር ጫር ያደርጉታል። ሙጫው ጠብ ጠብ ይልና አፈሩ ላይ ይደርቃል። ዝናብ ከመጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ብርዱ ሲገባ ሴቶቹ ቤት ለቤት ተሰብስበው እያንዳንዷን ፍሬ በቢላ ጫፍ ያጸዳሉ። አማቴ ዓይኗ ደክሞም አልተወችውም። ከአንድ ዛፍ የዓመቱ ምርት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ እሷ ግን ዛፎቿን በስም ነው የምትጠራቸው። ዕውቀቱ በፈረንጆቹ 2014 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ እነሱ ዘንድ ግን የእናትና የልጅ ሥራ ነው።

ልጄ የምትወደው የቅዱስ ኢሲዶሮስን ታሪክ ነው። ወታደር ነበር፤ ሮማውያን በሦስተኛው መቶ ዘመን በእምነቱ ምክንያት ገደሉት። ሲያሠቃዩት ዛፎቹ አለቀሱ፤ እንባቸው እስከ ዛሬ አልቆመም ይላሉ። ይህንን ስታነብብኝ ነው ቀና ብላ «እማዬ፣ እናንተ አገርስ የሚያለቅስ ዛፍ አለ?» ያለችኝ።

አንቺና አባባ ትዝ አላችሁኝ። ያ የመተማ ጊዜ፣ ያ ሙቀት፣ ከጆንያው የሚወጣው ሽታ። አለ አልኳት። እንዴት እንደሚደማ፣ መቼ፣ በምን፣ ማን እንደሚያደማው ስትጠይቀኝ ግን ቃል አጠረኝ። ቡና በተፈላ ቁጥር ዕጣን አጭሼ ኖሬ ከዛፉ እስከ ከሰሉ ያለውን መንገድ አላውቀውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ከበድ ይላል፤ ታገሺኝ።

1822ን እዚህ የማያውቅ ልጅ የለም። ግሪኮች በኦቶማን ቱርኮች ላይ ከተነሡ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከጎረቤት ደሴት ከሳሞስ የመጡ ታጣቂዎች ኪዮስን ለአመፅ ቀሰቀሱ፤ ሱልጣኑም መርከቦቹን ላከ። በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ሌላው ለባርነት ተሸጠ። ፈረንሳዊው ደላክሯ በሥዕል ያስቀረው ነው፤ ሥዕሉ ሉቭር ውስጥ ተሰቅሏል። የማስቲሃ መንደሮች ግን መጀመሪያ ላይ ተርፈው ነበር፤ ሙጫቸው ለሱልጣኑ ቤተ መንግሥት ይሄድ ነበርና። እንባው አዳናቸው ማለት ነው። በሰኔ ካናሪስ የሚባል መርከበኛ የኦቶማኑን ዋና የጦር መርከብ በሌሊት አቃጠለ፤ አዛዡ ካራ አሊም ሞተ። ከዚያ በኋላ በቀሉ በማስቲሃ መንደሮችም ላይ ደረሰ።

ልጄ ይህንን ነው የምትናገረው። በቱርክ ልጆች ፊት።

አማቴ «እንግዳ ናቸው፣ ልጆች ናቸው፣ ይብሉ ይጨፍሩ፤ እሱን ተዉት» ትላለች። ባሌ አይሆንም ብሏል። የቅድመ አያቶቹ ስም ከዚያ ወዲያ አይታወቅም፤ እዚያ ላይ ይቆማል። አንዱ የክፍሏ ልጅ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ የሠራትን የእንጨት መርከብ አምጥቶ «የካናሪስን እናድርጋት፣ የቱርኩን መርከብ እናቃጥል» ብሎ ክፍሉ ተደባልቋል። (እዚህ ለቅዱስ ባስልዮስ በዓል ልጆች ትልልቅ የመርከብ ሞዴል ሠርተው ወደቡ ላይ እየዘመሩ ይወዳደራሉ፤ በጣም ነው የሚያምረው።) መምህሯ መርከቧ ትታያለች፣ አትቃጠልም አለች። ጎበዝ ናት።

እኔ? እኔ ከባሌ ጋር ነኝ። ይነገር። በትምህርት ቤት ጉዞ ኔያ ሞኒ ገዳም አብሬያቸው ሄጄ ነበር። በ11ኛው መቶ ዘመን የታነጸ ነው፤ ሞዛይኩ ወርቅ በወርቅ ነው። በመግቢያው ጸሎት ቤት የዚያን ዓመት የሞቱት ሰዎች የራስ ቅል በመስታወት ቁም ሣጥን ተደርድሯል። ልጄ ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። አላለቀሰችም። «ትንንሾቹ የልጆች ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ያየችን ልጅ ዝም በይ ማለት አልችልም። ከቱርክ የሚመጡትም ልጆች መስማት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ፤ አብረው ከጨፈሩ፣ አብረው ከበሉ በኋላ።

ግን ልጄ የምትናገረውን ስትለማመድ በር ላይ ቆሜ እሰማታለሁ፤ «የኛ መንደር» ስትል ድምጿ አይንቀጠቀጥም። የአባቷን ወገን ቁስሉንም በዓሉንም ታውቀዋለች። የኔን ወገን ግን የምታውቀው ከዜና ነው። ስልኬ ላይ የምሰማውን ትሰማለች። «እዚያ ለምንድነው የሚጋደሉት?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ... ምን እላታለሁ? እናንተ አካባቢ መንገዱ ተዘጋ በተባለ ጊዜ ልደውልልሽ ፈልጌ ስልኩን አንስቼ አስቀምጫለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። እንዲያው ዝም ያልኩት ለዚያም ጭምር ነው። ይህን ልጽፈው አላሰብኩም ነበር። ይሁን፣ ተጽፏል።

ስለዚህ ዛፉን ልሰጣት ነው የምፈልገው። መምህሯ ፈቅዳለች፤ ከማስቲሃው ቀጥሎ ትንሽ ደቂቃ ለዕጣኑ ትሰጣታለች። ሁለቱንም ጎን ለጎን ከሰል ላይ አድርጋ እንግዶቹን ታሸታቸዋለች። አማቴ ገና ከአሁኑ ተደስታለች፤ ማስቲሃም ከሰል ላይ ሲነካ ይሸታልና።

እንግዲህ አባባን ጠይቂልኝ። ዛፉን «ዋልያ መቀር» ነበር የሚሉት፣ አይደል? ግንዱን የሚፋቁበት ብረት ምን ይባላል? ልጡን ምን ያህል ያነሱለታል? መጀመሪያ የተፋቀውና በኋላ የተፋቀው ሙጫ ልዩነት አለው? የኛው በበጋ ወራት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን ከየትኛው ወር ጀምረው ነበር የሚወርዱት? ስንት ሰው አብሮ ይወርዳል፣ ማታ ምን ይበላሉ፣ ምን ያንጎራጉራሉ? ልጄ ደግሞ የራሷ ጥያቄ አላት፤ «ዛፉን ያሳርፉታል?» ትላለች። እዚህ ልጅ ዛፍ ከተተከለ አምስት ዓመት ያህል ካልሞላው አይነካም። የዕጣኑ ዛፍ ያለ ዕረፍት ሲደማ እየደረቀ፣ የሚተካው ችግኝም በከብትና በእሳት እየጠፋ ነው የሚባለውን አንብባለች። አባባ ያዩትን ይንገሯት። ሳይለሰልሱ ይንገሯት።

አትጻፊው፤ ድምፃቸውን ቅጂና በቴሌግራም ላኪልኝ። እኔ እተረጉምላታለሁ። ቶሎ ቶሎ ሲያወሩ አታቋርጫቸው፤ አንቺ የማቋረጥ አመል አለብሽ። የዛፉ ፎቶ ከተገኘ፣ ግንዱ ከተፋቀ በኋላ ያለው፣ እሱንም ጨምሪ። ወደ አቴና የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ ከዋናው፣ ከነጩ ዕጣን፣ ትንሽ። ገንዘቡን እልካለሁ፤ እንዳትከራከሪኝ።

ፋሲካችን አንድ ቀን ስለሆነ ያን ዕለት እደውላለሁ። ይህን ያህል ጊዜ ቆይቼ ድምፅሽን ስሰማ ምን እንደምል አላውቅም፤ አንቺ ጀምሪ።

ልጅሽስ? ስንተኛ ክፍል ደረሰ? ያ የጆሮው ነገር ተሻለው? ስለ ራሴ ብቻ ለፈለፍኩ። የሱንም ድምፅ ላኪልኝ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የአንቺው