ለውድ ደንበኞቻችን፦ የጥርስ ተከላ ለምን ወራት ይፈጃል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ክረምት ሲቃረብ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይና ከሌላውም አገር ለዕረፍት የምትመጡ ብዙዎቻችሁ እየደወላችሁ «በሁለት ሳምንት አስተክዬ ልመለስ እችላለሁ?» ትሉናላችሁ። እዚህ አዲስ አበባ ያላችሁትም ሠርግና ምርቃት ሲደርስ ጥያቄያችሁ ይኸው ነው። በስልክ የምንሰጠው መልስ አጭር በመሆኑ «ያጓትቱኛል» የሚል ቅሬታ ስለደረሰን ነገሩን በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ለጥርስ ተከላ የምንጠቀምበት ኢምፕላንት የምንለው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ ብሎን ነው። ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የጥርስን ሥር ይተካል። በላዩ ማያያዣ ይገጠማል፤ የሚታየውና የሚያኝከው ጥርስ የሚቀመጠው በማያያዣው ላይ ነው። ብሎኑን የምናስገባው እኛ ብንሆንም አጥብቆ የሚይዘው ግን የእናንተው አጥንት ነው።

ይህን ያስተዋሉት ፔር ኢንግቫር ብሮንማርክ የተባሉ ስዊድናዊ ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለሌላ ጥናት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ያስገቡትን የቲታኒየም መሣሪያ ሊያወጡ ሲሞክሩ አልላቀቅ አላቸው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ ነበር። በ1965 በዚህ ዘዴ የመጀመሪያውን ታካሚ አከሙ። ያ ሰው በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ በእነዚያው ብሎኖች ተጠቅሟል።

አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ የላይኛው መንጋጋ አጥንት ሳሳ ያለ ስለሆነ ከታችኛው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ብሎኑ በገባበት ቀን ጥብቅ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ግን በዙሪያው ያለው አሮጌ አጥንት እየተሸረሸረ አዲሱ ገና በመሠራት ላይ ስለሚሆን፣ ጥብቀቱ ለጊዜው ይቀንሳል። የሚያሳዝነው ደግሞ ቁስሉ ደርቆ ሕመሙ የሚጠፋው፣ ታካሚውም «ድኛለሁ፣ ጥርሱን ግጠሙልኝ» የሚለን በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ቆሎ ቢታኘክበት ብሎኑ ይነቃነቃል፤ የተነቃነቀ ብሎን ደግሞ መውጣቱ አይቀርም። አጥንቱ ጠንካራ ሲሆን፣ በተለይ ለፊት ጥርስ፣ በዕለቱ ጊዜያዊ ጥርስ የምናስቀምጥላቸው ሰዎች አሉ። እሱም ለመልክ እንጂ ለማኘክ አይደለም።

ተከላ ለሁሉም ሰው ይሻላል አንልም። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ቀድሞውኑ ክፉኛ ከተጎዱ ድልድይ የሚባለው፣ በእነዚያው ጥርሶች ላይ ተደግፎ ክፍተቱን የሚሞላ ጥርስ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ሁለት ጤነኛ ጥርስ ሞርዶ ድልድይ መሥራት ግን ያሳዝነናል። ተነቃይ ጥርስም ዋጋው ቀላል በመሆኑ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። አንዲት እናት ግን ምግብ ሲቀርብ አውልቀው በሶፍት ይጠቀልሉና በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩት እንደነበር አጫውተውናል። ለማኘክ የተሠራ ጥርስ በማዕድ ሰዓት ነጠላ ውስጥ መዋሉ እስከ ዛሬ ይከነክነናል።

ጥርስ ሲነቀል ሥሩን ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ስለሚፈታ ይከስማል፤ በብዛት የሚቀንሰውም በመጀመሪያው ዓመት ነው። ስለዚህ ከማስነቀላችሁ በፊት ብታማክሩን ለኋላው ብዙ ይጠቅማል። ከተከላው በፊት በሲቲ ስካን የአጥንቱን ስፋትና ጥልቀት እንለካለን፤ በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭም የት እንዳለ እናያለን። ስኳር ካለባችሁ፣ ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ አገጫችሁ ወይም አንገታችሁ አካባቢ የጨረር ሕክምና ከነበራችሁ፣ እባካችሁ ሳትደብቁ ንገሩን። ሲጋራና ጫትም እንደዚሁ። ለመውቀስ ብለን አንጠይቅም፤ ሲጋራ ወደ ድድ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፣ የጫት ቅጠልም ትኩስ ቁስል ላይ ተጠቅጥቆ ሲውል ድዱ በቅጡ አይድንም።

የተተከለ ጥርስ አይበላም፣ አይቦረቦርም። ዙሪያው ያለው ድድ ግን ይታመማል። እንደ ተፈጥሮ ጥርስ ቶሎ ሕመም ስለማይሰማው አጥንቱ እየተበላ ሳትነቁ ልትቆዩ ትችላላችሁ። ስትቦርሹ ደም ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። መፋቂያ የምትወዱ ቀጥሉበት፤ ነገር ግን ድዱ ሥር ስለማይደርስ የጥርስ ክርና ትንሿን ብሩሽ ጨምሩበት።

ከውጭ ለምትመጡ የምንመክረው ሁለት ጉዞ ነው፤ በመጀመሪያው ብሎኑ ይገባል፣ በሁለተኛው ጥርሱ ይገጠማል። ቀሪውን በምትኖሩበት አገር ማስጨረስም ይቻላል። ለዚህ የብሎኑን ፋብሪካ፣ ስፋቱንና ርዝመቱን የጻፍንበትን ካርድ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት፤ መክፈቻው ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ያለ ካርዱ ሌላ ሐኪም ይቸገራል።

የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ያላችሁን የጥርስ ራጅ ላኩልን። አይተን ስንት ወር እንደሚፈጅባችሁ እንነግራችኋለን፤ ቲኬቱን ያን ጊዜ ትቆርጣላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒኩ ሐኪሞችና ሠራተኞች
አዲስ አበባ