የፍቅር ልብ ወለድም ግዙልን
ለሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጥያቄዬ አጭር ነው። ምክንያቱ ግን ረዘም ስለሚል ሻይዎን ይዘው ቢያነቡት ይሻላል። በዞናችን ለሚገኙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲገዛ የፍቅር ልብ ወለድም ይገዛ። ለአዋቂ የተጻፈው፣ መሳሳምም መኝታም ያለበት፣ ግን በወጉ የተጻፈው። ይኸው ነው።

«ባህል ጠብቅ የተባለ መሥሪያ ቤት ይኼ ይጠየቃል እንዴ?» የሚል ሰው ከአጠገብዎ አይጠፋም። እሱም ቢሆን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሲቪ እተይባለሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ፣ ከፍላሽ ወደ ሚሞሪ ካርድ ፋይል እገለብጣለሁ። የከተማው ወጣት ምን እንደሚያነብ ማወቅ ከፈለጉ እኔ ዘንድ ይምጡ። ፍላሹ ሲሰካ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። «አሳይመንት» የሚል ፎልደር ይከፈታል፤ ውስጡ አሳይመንት የለም። የማንንም ስም አልጠራም፣ የማንንም ፋይል አልከፍትም። ርዕሱ ብቻውን ይናገራል። አብዛኛው ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል የሚለቀቅ የወሲብ ታሪክ ነው። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥብንም አልቆመም። በዜንደርና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ።

እኔም አንብቤዋለሁ። ሳላነብ መተቸት አልወድም።

ብዙ ሰው ብልግናው ያናድደዋል። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ታሪኩ ውስጥ ሰው የለም። አንዱን ላሳይዎት። አሠሪው አምሽቶ፣ ሞቅ ብሎት ይገባል። ሚስቱ ለቅሶ ሄዳለች። የቤት ሠራተኛዋ በር ትከፍትለታለች። ይይዛታል። «ኧረ ጋሼ ይተዉኝ» ትላለች። በሚቀጥለው መስመር ወዳዋለች። በቃ፣ አንድ መስመር ነው የፈጀበት። ልጅቱ ስም የላትም። አገሯ የት ነው? ደሞዟ ስንት ነው? ሲነጋ ለእመቤቲቱ ቁርስ ስታቀርብ ዓይኗን ወዴት አደረገችው? አልተጻፈም። ታሪኩ የሚያልቀው «ክፍል 4 እንዲለቀቅ 500 ላይክ» ብሎ ነው።

ያቺን ልጅ እርስዎም እኔም እናውቃታለን። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከግሼ ተነስታ አዲስ አበባ ሰው ቤት የምትገባ ልጅ ናት። ከመሄዷ በፊት መታወቂያዋን ኮፒ የማደርግላት እኔ ነኝ። አስገድዶ መድፈር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስፈርዳል። የቴሌግራሙ ጸሐፊ ግን «ጣፋጭ የፍቅር ታሪክ» ብሎ ርዕስ ሰጥቶታል። የ17 ዓመት ጎረምሳ ስለ ሴት ልጅ የሚማረው ከዚህ ነው። ከአባቱ ጋር አያወራው፣ ከአስተማሪው ጋር አያወራው። ሌላ የሚያነበው ደግሞ አላቀረብንለትም።

«እንዲህ ያለው ቻናል ይዘጋ» የሚሉ አሉ። ይዘጋ፣ ደስ ይለኛል። ግን በማግስቱ ስሙን ቀይሮ እንደሚከፈት ልጆቹም ያውቃሉ። መጥፎ ታሪክ የሚሸነፈው በተሻለ ታሪክ ይመስለኛል። ጥሩ የፍቅር ልብ ወለድ ያነበበ ልጅ የዚያን «ጋሼ» ታሪክ ሲያገኝ ቢያንስ ይሰለቸዋል። መሰልቸትም ቀላል ነገር አይደለም።

ከውጭ ስለሚመጣውም ጥቂት ልበል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘውት ስለሚመጡ በእንግሊዝኛ እየተንገዳገድኩም ቢሆን አነባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውንና ከተከታዮቹ ጋር በዓለም ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠውን ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ የተባለ የፍቅር ልብ ወለድ አንብቤ ጨርሻለሁ። አልወደድኩትም። ዋናው ወንድ ገጸ ባሕርይ፣ ቢሊየነሩ፣ ቀናተኛ ነው፣ የት ገባሽ የት ወጣሽ ያበዛል፣ ገንዘቡን አውጥተው ቢያዩት የሚቀረው ሰውዬ ጨምዳዳ ነው። አንድ ነገሩ ግን አስገርሞኛል። ሁለቱ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉና ምን እንደማይፈልጉ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ፤ በወረቀት እስከ መደራደር ይደርሳሉ። የእኛዎቹ የቴሌግራም ጀግኖች ያንን እንኳን አያደርጉም።

ሰሞኑን ደግሞ በቲክቶክ የገነኑት ዘንዶና አስማት ያለባቸው የፍቅር ልብ ወለዶች ናቸው። ይረዝማሉ። የወንዱ ጡንቻ በየገጹ ይነገራል፤ ሰውየው ሌላ አካል ያለውም አይመስልም። ቢሆንም ጥሩዎቹ ማስጠበቅ ያውቁበታል። ልጁና ልጅቱ መጀመሪያ ይጣላሉ። ከዚያ ይሟገታሉ። ከዚያ አንዱ ለአንዱ ውለታ ይውላል። እጅ ለእጅ የሚነካኩት መጽሐፉ ከተገመሰ በኋላ ነው፤ ያኔ እኔም የወጥ ድስቴን ረስቼ አሳርራለሁ። የመኝታው ገጽ ሲደርስ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ማን ምን እንደሚፈራ፣ ማን በምን እንደሚስቅ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ትኩሱ ገጽ ትኩስ የሚሆነው።

የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲያን ማኅበር አንድን መጽሐፍ በዚህ ዘርፍ ለመመደብ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የታሪኩ እምብርት ፍቅር መሆን አለበት። መጨረሻው ደግሞ ልብ የሚያሳርፍ፣ ተስፋ ያለበት መሆን አለበት። ሁለተኛውን ሳነብ ስለራሳችን አሰብኩና ሳቄ መጣ። እኛ እኮ የሚዋደዱ ሰዎችን ሳንገድል አንመለስም። በ1958 የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር ከርዕሱ ጀምሮ አስጠንቅቆናል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያላለቀሰ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም በዛብህና ሰብለ ወንጌል መቃብር ሲጋሩ አልቅሻለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁን የምነቅፍበት አፍ የለኝም። ግን ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ለምን በሞት፣ በስደት ወይም በኤችአይቪ ይጨርሳል? ምነው አንድ ጥንድ እንኳን ተጋብቶ፣ ባጃጅ ገዝቶ፣ በሽንኩርት ዋጋ ሲጨቃጨቅና ማታ ሲታረቅ ቢያልቅ? ያ መታረቅ ሁለት ገጽ ቢሰጠው ማንም አይከፋውም።

አሁን ወደ ባህሉ ልምጣ፤ የእርስዎ ዋና ሥራ እሱ ነውና። ስለ ሥጋዊ ፍቅር መጻፍ ከውጭ የመጣ ነገር ነው ሲባል እሰማለሁ። ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ ግን መኃልየ መኃልይን በእጁ ይዞታል፤ ከመዝሙሩ ጋር አብሮ ተጽፎለታልና። ቤተ ክርስቲያን በምሥጢር እንደምትተረጉመው አውቃለሁ፣ ትርጓሜውንም አከብራለሁ። ቃሉ ግን ስለ ከንፈር፣ ስለ አንገት፣ ስለ ጡት፣ በሌሊት ተነስቶ ውዱን ስለሚፈልግ ሰው ነው። አባቶቻችን አላፈሩበትም። በሠርግ ቤትም የአዝማሪው ግጥም ሰሙ ስለ ማር ሆኖ ወርቁ ስለ ምን እንደሆነ አክስቶቻችን ቀድመው ይገባቸውና በነጠላቸው ይሸፈናሉ።

የራሳችን ሰው ከበደ ሚካኤል መንዝ ነው የተወለዱት። ሮሜዎና ዡልዬትን ወደ አማርኛ የመለሱት እሳቸው ናቸው። ወላጅ የከለከለውን የሁለት ልጆች ፍቅር የመንዝ ሰው በአማርኛ አስነበበን ማለት ነው። ነቢይ መኮንን ደግሞ በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ የተባለውን የአሜሪካ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው። ወረቀቱ ከእስር በሚፈቱ ሰዎች በኩል በድብቅ ወጣ፤ በኋላም ነገም ሌላ ቀን ነው ተብሎ ታተመ። እዚያ ቦታ ላይ ያለ ሰው የፍቅር ታሪክ ለመተርጎም እንዲህ ከደከመ እኛ በነፃ አየር መደርደሪያ መንፈጋችን ይከብደኛል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም አለ። የውቤ በረሃን ሌሊት ያለ መሸፋፈን የጻፈበት ሌቱም አይነጋልኝ ለአስርት ዓመታት ሳይታተም ቆይቷል። እዚያ ያሉት ሴቶች ስም አላቸው። ይቀልዳሉ፣ ይናደዳሉ፣ ሰው ይመርጣሉ። ከቴሌግራሟ ልጅ ጋር ያስተያዩዋቸው።

ታዲያ ለምን አይገዛም? አንድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ጠይቄ ነበር፤ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። መደርደሪያው ላይ ያረጀ የፈተና መለማመጃ፣ የከብት እርባታ መመሪያና አቧራ የለበሰ የስብሰባ ሪፖርት አለ። «የፍቅር ልብ ወለድ አለ?» ስለው በሹክሹክታ «እሱ ያስጠይቃል» አለኝ። ማን እንደሚጠይቀው ግን አልነገረኝም። የፈራው ሕጉን ከሆነ ሕጉ የሚለው ይታወቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 640 የሚከለክለው ጸያፍ ጽሑፍን ነው። በየመጽሐፍ መደብሩ በግልጽ የሚሸጥን ልብ ወለድ ለአዋቂ አንባቢ በማዋስ የተከሰሰ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሰምቼ አላውቅም። የእርስዎ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ያንን ሰውዬ ከሹክሹክታ ታወጣዋለች።

ልጆችስ? ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው ቤተ መጻሕፍት ከስልክ የሚሻለው። ስልኩ ዕድሜ አይጠይቅም። ቤተ መጻሕፍቱ ግን መታወቂያ አይቶ ከ18 ዓመት በላይ ላሉት ብቻ የሚሰጥ አንድ መደርደሪያ ከጠረጴዛው ጀርባ ማድረግ ይችላል። ለታዳጊዎቹ ደግሞ መሳሳም ላይ የሚያቆም የፍቅር ታሪክ ሞልቷል፤ እሱ ከፊት ይቀመጥ።

የሚገዛውን የሚመርጠው ደግሞ ኮሚቴ ብቻ አይሁን። ኮሚቴ ከመረጠው የማይጠቅም ነገር መምጣቱ አይቀርም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና። ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከደብረ ሲና አንባቢ ሴቶችን ጠይቁ። ድሮ መጽሐፍ በኪራይ ስንወስድ ለአንድ መጽሐፍ ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ተራ በተራ ያነበብን ሰዎች አለን። ሽፋኑ የወለቀ፣ ዘይት የነካው፣ ዋናው ገጽ ላይ ስንደርስ ደግሞ ተገንጥሎ የምናጣው መጽሐፍ ነበር። የገነጠለው ሰው ለጨዋነት ብሎ ነው ማለት ይከብደኛል። እና ጥሩውን ከመጥፎው የምንለየው በጥናት አይደለም፤ ስንቴ እንደተታለልን እናውቃለን።

በጀት እንደሌለ ይነግሩኛል፣ ገብቶኛል። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ የት እንደደረሰ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ኑሮዬ ነው። ስለዚህ በትንሹ ይጀመር። መጽሐፍ ቤት ያለው ሰው እንዲለግስ መምሪያው ጥሪ ያድርግ፣ እኔም የራሴን አመጣለሁ። ሌላው ነገር ውድድር ነው። በየበዓሉ የምታዘጋጁት የግጥም ውድድር ላይ አጭር የፍቅር ታሪክ የሚል ዘርፍ ይጨመር። ሁኔታው ሁለት ብቻ ይሁን፦ ልጅቱ ስምና ሥራ ይኑራት፣ መጨረሻው ላይም ማንም አይሙት። የተወዳዳሪዎቹን ጽሑፍ በነፃ እተይባለሁ። ባለ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ከተማችን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የሚገናኙ ሁለት ሠራተኞችን ታሪክ የሚጽፍልኝ ሰው ካለ ደግሞ ሕትመቱንም ጥረዛውንም በእኔ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአማርኛ የታተሙ፣ እኔና ደንበኞቼ አንብበን የወደድናቸውን የፍቅር ልብ ወለዶች ዝርዝር አያይዣለሁ። የትኛው ለአዋቂ ብቻ፣ የትኛው ለሁሉም እንደሆነ በእያንዳንዱ ግርጌ ጽፌያለሁ። መልስዎን በመምሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉት እኔም ሌሎቹም እናነበዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የደብረ ብርሃን አንባቢ