የስፒከር ጥራት በዋጋው አይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ውድ የሙዚቃ ማድመጫ መሣሪያዎች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ለሙዚቃ ያላቸው ፍቅር ከጽሑፉ በግልጽ ስለሚነበብ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ሁለት ነገሮችን ማስረጃ እንደማያስፈልጋቸው አድርጎ አልፏቸዋል። አንደኛው የስፒከር ዋጋ በጨመረ ቁጥር ድምፁም በዚያው ልክ እየጠራ ይሄዳል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ስፒከር በእጁ የሚሠራ ሰው ውዱን ለመግዛት አቅም ያጠረው ሰው ነው የሚለው ነው። ለብዙ ዓመታት የምሰማባቸውን ስፒከሮች ራሴ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና ሁለቱም አባባሎች አንባቢን ያሳስታሉ ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተነሣሁ።

ስፒከር ምስጢር ያለበት ዕቃ አይደለም። በመግነጢስ መካከል የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል ሾጣጣውን ወረቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ አየሩን የሚያናውጥበት አሠራር፣ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ይፋ ካደረጉት ዛሬም ብዙ አልራቀም። ጥሩ ቤዝ የግድ የቁም ሣጥን የሚያህል ስፒከር ይፈልጋል ይባል በነበረበት ዘመን፣ በ1954 ኤድጋር ቪልቹር በታሸገች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያለውን አየር እንደ ሞላ ተጠቅሞ ነገሩን ቀየረው። ከዚያም ኔቪል ቲሊ በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ሁለቱም አውስትራሊያ ውስጥ ሆነው ባወጡት ሥራ፣ አንድ ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ የስፒከር ክፍል) ምን ያህል ስፋት ያለው ሣጥን እንደሚፈልግና ቤዙ እስከ የት ድረስ እንደሚወርድ ሣጥኑ ከመሠራቱ በፊት በስሌት ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ ከፈቱ። ዛሬ ማንኛውም የዉፈር አምራች ከዕቃው ጋር የሚሰጠው የቁጥር ዝርዝር የእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም የተሰጠው ነው። በስመ ጥሩ ፋብሪካ ውስጥ ያለ መሐንዲስም ሆነ ጋራዡ ውስጥ የሚሠራ ግለሰብ የሚያሰላው በአንድ ዓይነት ቀመር ነው።

የመጀመሪያዬን ጥንድ ስፒከር የሠራሁት 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ነበር። ሣጥኑን በኮላ አጣብቄ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ ቀጭኑን ለትንሹ ክፍል፣ ለቱዊተሩ፣ የሚያከፋፍለውን ክሮስኦቨር የሚባል ሰርኪዩት ራሴ በይጄ ስጨርስ፣ መጀመሪያ የከፈትኩት አንዲት ሴት በጊታር ብቻ ታጅባ የምትዘፍነውን ዘፈን ነበር። ቤዙ ሙሉ ነው፤ የክሩ ጫፍ ንዝረት እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዘፋኟ ግን ከመጋረጃ ጀርባ የቆመች ትመስላለች። ምክር የጠየቅሁት ሻጭ ችግሩ በክሮስኦቨሩ ውስጥ ያሉት ኬፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ርካሽነት እንደሆነ ሳያመነታ ነገረኝ። አምኜው ዋጋቸው ብዙ እጥፍ የሆኑትን ገዝቼ ቀየርኩ። ዘፋኟ ከመጋረጃው ጀርባ ፈቀቅ አላለችም።

መላው ሲጠፋኝ የመለኪያ ማይክሮፎን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ስፒከሩን በአንድ ሜትር ርቀት ለካሁት። በስክሪኑ ላይ የወጣው፣ ድምፁ ከወፍራም እስከ ቀጭን በየድግግሞሹ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚያሳየው መስመር ደህና ሲሄድ ቆይቶ 2,500 ሄርዝ (በሴኮንድ 2,500 ንዝረት) አካባቢ ሲደርስ ገደል ገባ፤ ጥልቀቱ በድምፅ ከፍታ መለኪያው በዴሲቤል ከ20 በላይ ነበር። ይህ ዉፈሩና ቱዊተሩ የሚረካከቡበት ቦታ ነው፤ የሰው ቃል ጥርት ብሎ የሚለይበትም ክልል ነው። የተጠቀምኩት ክሮስኦቨር ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝ በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀውና በእርሱና በባልደረባው በራይሊ ስም የሚጠራው ዓይነት፣ በሙያው ቋንቋ ሁለተኛ ደረጃ (ሰከንድ ኦርደር) የሚባለው ነበር። በዚህ ክሮስኦቨር ሁለቱ በሚረካከቡበት ነጥብ ላይ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ፣ የቱዊተሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ካልተገለበጠ በስተቀር አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋል። እኔ ደግሞ ልክ መስሎኝ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ነበር ያገናኘሁት። ሁለቱን ሽቦዎች ነቅዬ ቦታ አቀያየርኩና እንደገና ለካሁ፤ ገደሉ ሞልቷል። ያንኑ ዘፈን ስከፍተው ዘፋኟ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ ከፊቴ፣ ትንፋሿ እስኪሰማ ድረስ ቆማ ነበር። የገዛኋቸው ውድ ኬፓሲተሮች ያልፈቱትን ችግር የፈታው አንዲት ሳንቲም የማይወጣበት የሽቦ ማቀያየር ነው።

ይህን የምተርከው ሁሉም ሰው ይበይድ ለማለት አይደለም። ሻጩም ሆነ እኔ ሳንለካ መፍረዳችንና ፍርዳችንም በቀጥታ ወደ ዋጋ ማምራቱ ስለሚያሳስበኝ ነው፤ የጋዜጣችሁም ጽሑፍ የሄደው በዚያው መንገድ ነው። ለምሳሌ ጽሑፉ ስለ ስፒከር ገመድ በስፋት ያትታል። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ የመዳብ ገመድ ለሦስት ሜትር ርቀት፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ፣ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቃወመው 0.04 ኦም (የዚህ ተቃውሞ መለኪያ) ያህል ብቻ ነው። 8 ኦም ከሆነ ስፒከር ጋር ሲነጻጸር ይህ ግማሽ በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የሚያጎድለውም ድምፅ 0.04 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ይህን ልዩነት የሚለይ ጆሮ የለም። በአንጻሩ የክፍሉ ርዝመት አምስት ሜትር ቢሆን 34 ሄርዝ ላይ ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ስለሚጠራቀም፣ ወንበርን ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ብቻ ቤዙን በብዙ ዴሲቤል ይለውጠዋል። ጽሑፉ ግን ስለ ክፍሉ አንዲት ቃል አላነሣም።

ዓይን ጆሮን ምን ያህል እንደሚመራው ደግሞ በጥናት የታየ ጉዳይ ነው። ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በነበሩበት ዘመን አድማጮች የሚሰሙትን ስፒከር እንዳያዩ ጋርደው ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ብዙው ሰው የሚመርጠው ከፊት ለፊቱ የሚለካው መስመር ቀጥ ያለውንና ወደ ጎን የሚረጨውም ድምፅ ሳይዛባ ቀስ እያለ የሚቀንሰውን ስፒከር መሆኑን አሳዩ። በ1994 ከሾን ኦሊቭ ጋር ባቀረቡት ሥራ ደግሞ እነዚያው አድማጮች እነዚያኑ ስፒከሮች እያዩ ሲሰሙ የሰጡት ፍርድ ሳያዩ ከሰጡት ተለየ። ሰዎቹ ዋሽተው አይደለም፤ የሣጥኑ ግርማና ስሙ ከድምፁ ጋር አብረው ስለተሰሟቸው ነው። የውድ ስፒከር ዋጋም ከፊሉ የሚሄደው ለዚህ ግርማ፣ ማለትም ለሚያብረቀርቀው ቀለም፣ ለከባዱ ሣጥን፣ ለማስታወቂያውና በመካከል ላለው አከፋፋይ ነው። ቆንጆ ዕቃ ወዶ መግዛት ነውር የለውም፤ ውበቱ እንደ ድምፅ ተቆጥሮ ሲጻፍ ግን ዝም ማለት አልችልም።

የፋብሪካ ዕቃ የሚበልጥበትን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ያላግባብ አዳላሁ ማለት ነው። ማሚቶ በሌለበት ክፍል ለክቶ፣ የቱዊተሩን ዙሪያ በተፈለገው ቅርጽ በሻጋታ አውጥቶ፣ ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ ማምረት በእጅ ሥራ የሚደረስበት አይደለም። በትልቅ ክፍል ውስጥ ድምፁ ሳይሰነጠቅ ከፍ ብሎ እንዲሰማና ቤዙ በጣም ዝቅ ብሎ እንዲወርድ ለሚፈልግ ሰው ተጨማሪው ወጪ የእውነት ጥቅም ሊኖረው ይችላል። በእጅ የተሠራ ስፒከርም ሁልጊዜ አይረክስም፤ የመሣሪያው፣ የተበላሸው እንጨትና የጊዜው ወጪ ሲደመር ከሱቁ ሊበልጥ ይችላል። በተለይ ክሮስኦቨሩን ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ገዝቶ የሚጠቀም ጀማሪ ያዝናል ብዬ እሰጋለሁ፤ ምክንያቱም በስፒከሩ ጀርባ 8 ኦም ተብሎ ቢጻፍም እውነተኛው መጠን እንደ ድምፁ ድግግሞሽ ስለሚዋዥቅ፣ ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የተሠራ ክሮስኦቨር ለማንም ልክ ላይሆን ይችላል። ጊዜ የሌለው ሰው ልኬቱ በይፋ የወጣለትን ልከኛ ዋጋ ያለው ስፒከር መርጦ ቢገዛ ከእኔ ከመጀመሪያው ጥንድ የተሻለ ነገር እንደሚያገኝ አልጠራጠርም።

በእጄ በመሥራቴ ያተረፍኩት የወጪ ቁጠባ አይደለም። የምወደው ዘፈን ከየት ተነሥቶ ጆሮዬ እንደሚደርስ አውቄያለሁ፤ ጉድለት ስሰማም መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሱቅ ሳይሆን ወደ ማይክሮፎኑ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አቅም አንሶት ነው ብሎ መጻፍ ከሥራው ምን እንደሚያገኝ አለመጠየቅ ነው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ይህንን ነው። ወደፊት ስለ ማንኛውም ስፒከር ስትጽፉ ከፊት ለፊትና ከጎን የተለካውን የድምፅ መስመር፣ ኦሙ እስከ ስንት ዝቅ እንደሚል፣ የተሰማበትን ክፍል ስፋትና አድማጩ ከስፒከሩ የነበረውን ርቀት አብራችሁ አትሙ፤ ሁለት ስፒከሮች ሲነጻጸሩ ደግሞ የሁለቱ የድምፅ ከፍታ እኩል ተደርጎ፣ በመጋረጃ ተጋርደው ይሰሙ። ባለፈው ጽሑፍ ለተወደሱት ስፒከሮች እንዲህ ያለ ልኬት ካላችሁ በሚቀጥለው ዕትም እንድታወጡልን፣ ከሌላችሁም ይህንኑ ለአንባቢ እንድትገልጹ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ